እንጨት የማይገባበት ቤት

አክስቴ ያለምወርቅ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጓንት አስለበሰችኝ። ክረምትም በጋም፣ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ገበያ ስወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሳይቀር። «ችፌ አለብሽ» ነው ምክንያቱ። ችፌ ያለበት ሰው እጁን ያሳክከዋል፣ ይቆስላል፣ ይላጣል። የእኔ እጅ ጭረት እንኳ የለበትም። ይህን አንስቼ ስሟገታት «እሱማ ጓንቱ ስለጠበቀሽ ነው» ትለኛለች። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ከእሷ ጋር መከራከር «በሬ ወለደ» ካለ ሰው ጋር ስለ ጥጃው ቀለም እንደመነታረክ ነው።

አክስቴ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ስታወጣና ስትመልስ የኖረች ሴት ናት። የስንቱ ሰው ጉዳይ በእጇ ያልፋል፤ ከአፏ ግን አንዲት አትወጣም። አለቆቿ «ያለምወርቅ ዘንድ የገባ ነገር መቃብር ገባ» ይላሉ፣ ማመስገናቸው ነው። እኔ እዚያ መቃብር ውስጥ ነው ያደግሁት። «ዛሬ ማን መጣ?» ብዬ ብጠይቃት እንኳ ግራና ቀኝ አይታ «ሰው» ብላ የምትመልስ ናት።

እናቴ የእሷ ታናሽ እህት ነበረች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተች። አባቴ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርዶ እዚያው ሌላ ትዳር መሠረተ። እስከ ሦስት ዓመቴ ድረስ ከጉና ተራራ ሥር፣ አያቴ አባባ አስማማው ቤት ቆየሁ። ከዚያ አክስቴ መጥታ ወደ ከተማ ወሰደችኝ። ጓንቱም የዚያኑ ዕለት ተጀመረ።

ቤታችንን ያየ ሰው ሁሉ ይገርመዋል። አልጋው ብረት፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ በሩ ቆርቆሮ ነው። መጥረጊያችንም ፕላስቲክ ነው። ሞሰብ የለንም፣ ሰፌድ የለንም፤ እንጀራችን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጣል። ማማሰያችን ብረት ስለሆነ ወጥ በተማሰለ ቁጥር ድስቱ ሲፋቅ ጥርስ ያፋጫል። ጎረቤቱ «ያለምወርቅ ዘመናዊ ሆነች» ይላል። አንደኛ ክፍል ስገባ ልጁ ሁሉ በእርሳስ ሲጽፍ እኔ በእስክሪፕቶ ጀመርሁ፤ ስሳሳት የማጠፋበት ስለሌለ ደብተሬ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። መምህሬ ብትጠይቃት «እርሳስ አይስማማትም» አለቻት። እርሳስ! ሴትዮዋም አመነቻት። አክስቴ ፊቷን ሳታጥፍ የተናገረችውን ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ሊያገባት የፈለገ ሰው ነበር። መምህር ይሻው ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው። ሽማግሌ ላከ። እሷም እንደወደደችው ያስታውቅ ነበር፤ እሱ በመጣ ቁጥር ነጠላ ትቀይራለች። በመጨረሻ ግን «እኔ ዘንድ ዕቃ ሞልቷል፤ አልጋው ዋንዛ፣ ቁም ሣጥኑ ጽድ ነው፣ ሁሉንም ይዤ እመጣለሁ» አለ። በማግስቱ እምቢ አለችው። ለምን እንደሆነ ለእሱም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለእኔም አልተናገረችም። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ በአልጋ ምክንያት ባል የምትመልስ ሴት በዓለም ላይ የእኔዋ ብቻ ናት ብዬ ስበግን ኖሬአለሁ።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደገ ሰው ወይ ዝም ይላል ወይ ይለፈልፋል። እኔ ሁለተኛውን መረጥሁ። ልጆች «ዶክተር ጓንት» እያሉ ሲያበሽቁኝ የምመልስበት ምላሴ ብቻ ነበር፣ እሱም ተሳለ። በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ሁለት ዓመት ማንም አልረታኝም። ሕግ አጥንቼ ጠበቃ መሆን ነው ምኞቴ። ድምፄን ያጣሁ ዕለት ከእኔ የሚቀር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አሁንም አይመስለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሆነው ሁሉ በዚሁ በድምፄ ላይ ስለመጣ ነው።

ነገሩ የጀመረው በዚህ መስከረም፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ሕግ እንደሚያስገባኝ ባወቅሁ በሳምንቱ ነው። አክስቴ ሥራ ሄዳ ልብስ አጥቤ ግቢው ውስጥ ላሰጣ ወጣሁ። ጓንቴ ረጥቦ ስለበረደኝ አወለቅሁት። የልብሱን ገመድ የያዘው የአከራያችን የአቶ እሸቴ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ከተቆረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ተልጧል፣ ሚስማር ተመትቶበታል። ልብሱ ሲከብደው አዘነበለና አንሶላው ሁሉ ጭቃ ላይ ተነጠፈ። ተናደድሁ። በሁለት እጄ አንቄ «ቁም እንጂ፣ አንተ!» አልሁት።

ቆመ። መቆሙ ባልከፋ፣ ቅጠልም አወጣ። መጀመሪያ ከሚስማሩ ሥር አንድ ቀይ እንቡጥ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች፣ ዓይኔ እያየ፣ ባሕር ዛፍ የሚሸት ለጋ ቅጠል። ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ድምፅ የለም። ሳልሁ፤ ሳሉም ድምፅ የለውም። እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። ጭቃ የነካውን አንሶላ እንደያዝሁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አክስቴን ስጠብቅ ዋልሁ።

አክስቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ቅጠሉን አየች፣ ባዶ እጄን አየች፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። የተጨነቀች ሴት ሮጣ ታቅፋለች፣ ታለቅሳለች፣ አንድ ነገር ትላለች። የእኔዋ ግን ከአቶ እሸቴ መጥረቢያ ተውሳ እንጨቱን ከሥሩ ጣለችውና በጆንያ ጠቅልላ አወጣችው። ከዚያ ጓንቴን አምጥታ አጠለቀችልኝ።

«ብርድ መቶሽ ነው፤ ጉሮሮሽን ነው» አለች።

ማታ ለራት ስንቀመጥ ድምፄ ተመለሰ። «ያን እንጨት ምንድን ነው ያበቀለው?» ነው የመጀመሪያ ቃሌ።

«ባሕር ዛፍ አይደል፣ ባሕር ዛፍ ይበቅላል።»

«ተልጦ? ሚስማር ተመትቶበት? ሁለት ዓመት ቆሞ?»

«ባሕር ዛፍ እንደሱ ነው» አለችና ወጥ ጨመረችልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጧት፣ አክስቴ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል፣ አጎቴ ካሳው ደወለ። ካሳው የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ አያቴ ዘንድ ያለ ገበሬ ነው። ስልክ ሲያናግር ከጉና እስከ ደብረ ታቦር በአየሩ ላይ የሚያደርሰው ይመስል ስለሚጮህ፣ ስልኩ ከአክስቴ ጆሮ ላይ ሆኖ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል።

«በረዶ ጣለብን፣ እቴ! ገብሱ እንዳለ ተኛ! ዛላውን ጨረሰው! ልጅቱን ይዘሽ ነይ!»

«አታስበው» አለች አክስቴ።

«እጇን እኮ ነው የምልሽ! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ…»

«ዝም በል፣ አያ ካሳው! ሰው ይሰማል!» ብላ ዘጋችበት።

«እጄን ምን?» አልሁ።

«ችፌሽ ተሻላት ወይ ብሎ ነው።»

አንዳንድ ጊዜ ሰው የሚቆጣበት ጉልበትም ያልቅበታል። ሹራቤን ለብሼ ወጣሁ፣ ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ወረድሁ፣ ወደ አያቴ አገር፣ ወደ ክምር ድንጋይ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል አክስቴ በቢሮ ጫማዋ እያለከለከች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ትመልሰኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የሁለታችንንም ሂሳብ ከፈለችና መስኮት መስኮቱን እያየች ሄደች። ከክምር ድንጋይ ወርደን ሁለት ሰዓት ሽቅብ በእግራችን ስንሄድም ያለችኝ «ጭቃ ነው፣ ተጠንቀቂ» ብቻ ነው።

አያቴ በአገሩ የታወቁ ሰው ናቸው። ሰው በረዶ መላሽ ናቸው ይላል፤ ደመና ሲከብድ ወጥተው ማሳው ዳር ይቆማሉ፣ በማግስቱ የሌላው አገር አዝመራ ወድቆ የእኛ መንደር ቆሞ ይገኛል። ከዚያ በኋላ አያቴ ለጥቂት ቀን አይናገሩም። ሰውም «ሱባኤ ይዘው ነው» ይላል። አምና በመስከረም ግን ሲመሽ ከባድ በረዶ ጣለ፤ ሲነጋ የመንደሩ ገብስ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አያቴም ከዚያ ጧት ጀምሮ አንድ ቃል ሳይናገሩ ዓመት ሞላቸው። አርምሞ ገቡ ተባለ። ለእግዚአብሔር ብለው አፋቸውን የዘጉ ባሕታዊ ሆኑ ተባለ። ለፋሲካ ሄጄ ሳያቸው እንደተቆጣ ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ነበር። ቅድስና እንዲህ ያደርጋል ማለት ነው ብዬ ተመለስሁ።

አሁን ስንደርስ ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ከጎረቤት መንደር ሳይቀር በረከት ሊቀበሉ የመጡ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች አያቴ ፊት ተኮልኩለዋል። አያቴ አጎዛ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ጎን ያወናጭፋሉ፤ ባወናጨፉ ቁጥር ሰዎቹ «አሜን» እያሉ ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ። ይበልጥ ባወናጨፉ ቁጥር ይበልጥ ይሰግዳሉ። የአያቴ ፊት ከቁጣ ብዛት በርበሬ መስሏል። እኔ እንኳ፣ ገና ከመድረሴ፣ ይህ ቡራኬ እንዳልሆነ ገባኝ።

አጎቴ ወደ ጓዳ አስገባንና በሩን ዘጋ። «ነግረሻታል?» አላት አክስቴን።

«አልነገርሁም፣ አልነግራትምም።»

«እንግዲያስ እኔ እነግራታለሁ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ስሚ፣ እፀገነት። የኛ ዘር እጅ አለው። ከአንድ ትውልድ ለአንድ ሰው ነው የሚወርድ። አባባ በረዶ መልሰው አያውቁም። በረዶው የጣለውን ነው የሚያነሱት። የሞተ እንጨት፣ የወደቀ አዝመራ፣ በባዶ እጃቸው ጨብጠው ‹ተነሥ› ካሉት ይነሣል። ካንቺ በቀር ይህ ለማንም አልወረደም።»

«ዋጋውንም ንገራት!» አለች አክስቴ። ስትጮህ ሰምቼያት አላውቅም ነበር። «ድምፅ ነው የሚወስደው። እንደተነሣው መጠን። አንዲት እንጨት ከሆነች ግማሽ ቀን። የአምናውን የመንደሩን ሁሉ ገብስ አባባ ብቻቸውን አነሡት፤ ይኸው ዓመት ሆናቸው፣ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። አንቺ በሦስት ዓመትሽ የዚህን ቤት አጥር ተደግፈሽ ስትጫወቺ አሥር ክንድ አጥር አበቀልሽ። ስምንት ወር አልተናገርሽም።»

«ዘግይተሽ ነው የተናገርሽው አላልሽኝም?»

«ቀድመሽ ነበር የተናገርሽ። ጎረቤቱን ሁሉ የምታስቂ ልጅ ነበርሽ። ከዚያ ስምንት ወር ዝም። ጸበል ወሰድንሽ፣ ሐኪም ቤት ወሰድንሽ። እጅሽ መሆኑ የገባኝ እኔ ነኝ። ድምፅሽ በተመለሰ ቀን ጓንት ገዛሁ።»

ገብስ የሚቀመጥበት ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አልሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተበሳጨሁባቸው ነገሮች፣ ብረቱ ማማሰያ፣ እርሳሱ፣ የመምህር ይሻው አልጋ፣ አንድ በአንድ ፊቴ መጡ። ላዝንላት ይገባ ነበር። ንዴቴ ግን ቀደመ።

«ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቀን ብታስቀምጪኝና ‹እንጨት አትጨብጪ፣ ድምፅሽ ይሄዳል› ብትይኝ፣ እሰማሽ አልነበረም?»

«ልጅ ነሽ፣ ለጓደኛሽ ታወሪዋለሽ ብዬ ፈራሁ» አለች። «ለባዳ ከተነገረ ይረክሳል።»

«እሱ እውነት ነው» አለ አጎቴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። «ከዘር እንዳይወጣ ነው ትዛዙ። መድኃኒት አዋቂ ሁሉ እንዲያ ነው፤ ሥሩን የሚቆርጥ ማንም ሳያየው፣ ለማንም ሳይነግር ነው። የተነገረ መድኃኒት አይሠራም።»

ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በእኛ አገር የማይነገር ነገር ሁሉ መሸሸጊያው ይኸው ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የሚተርቱትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

«እና አሁን ምን ፈለግኸኝ?» አልሁት። ከንዴቴ ብዛት አጎቴን አንተ ብዬ ጠራሁት፤ እሱም ልብ አላለውም።

በሩን ከፍቶ ወደ ማሳው ጠቆመኝ። ከቤቱ ጀርባ ያለው ቁልቁለት እንዳለ ተኝቷል። ዛላ የያዘው ገብስ ተቆራርጦ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ በጥላው ሥር ገና ያልቀለጠ የበረዶ ክምር አለ። ሚስቱ መሠረት ጎንበስ ብላ የተበጠሰ ዛላ በሰፌድ ትለቅማለች፤ አምስቱም ልጆቿ ከኋላዋ ይለቅማሉ። የሰበሰቡት ለአንድ ሳምንት አይበቃም። ሌላ ማሳ የላቸውም።

«የኔን ብቻ» አለ አጎቴ፤ ድምፁ ወረደ። «የመንደሩን አላልሁም። የኔን ብቻ። ስንት ወር እንደሚወስድብሽ አላውቅም፤ አልዋሽሽም። ግን ልጆቹን ተመልከቻቸው።»

አክስቴ መሃላችን ገባች። «ሕግ ልታጠና ነው! ምን ብላ ትማር? ምን ብላ ትኑር? አባቴን ገብስ በላብኝ፤ እሷን አይበላትም!»

የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዱ እጄን ይፈልጋል፣ አንዷ ድምፄን ትጠብቃለች፣ እኔን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አጎቴ ዝም ብሎ ጠራኝ፤ አክስቴ ዝም ብላ ጓንት አጠለቀችልኝ። ሁለቱንም ትቼ ወደ ማሳው ወረድሁ። መሠረት ቀና ብላ አየችኝ፤ ለሰላምታ እጇን ልትሰጠኝ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገችው። ያን ጊዜ ወሰንሁ። አነሣዋለሁ አልሁ። ምናልባት አንድ ወር ነው፣ ምናልባት አንድ ዓመት። ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለግሁም።

ዞር ስል አያቴ ከዘራቸውን ይዘው ተከትለውኝ ወርደዋል። አያቴ በሄዱበት በረከት ፈላጊው ሁሉ ይከተላልና አሥራ አምስቱም ሰዎች ማሳው ዳር ተሰልፈዋል። አያቴ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንቢ፣ እንቢ፣ ተዪ ማለታቸው ነው። ሰዎቹም አብረው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ ጎረቤት ወይዘሮ አሰለፈች «ገብሱን ሊባርኩት ነው» አለች።

ከዚህ በላይ አልቻልሁም። ድምፄ ሊሄድ ከሆነ ያለኝን ሁሉ ሳልናገር አይሄድም አልሁ።

«አሰለፈች!» ብዬ ጮኽሁ። «ሁላችሁም! አባባ አርምሞ አልገቡም! ድምፃቸው ጠፍቶ ነው! አምና ሲመሽ በረዶው ገብሳችሁን ጨርሶት ነበር። እናንተ ተኝታችሁ ሳላችሁ ማሳ በማሳ እየዞሩ፣ የአንቺንም የጎረቤትሽን የሞገስንም፣ በእጃቸው አነሡት። የእናንተን ገብስ ሲያነሡ ድምፃቸውን ከፈሉ። ዓመት ሙሉ ሊናገሩ እየታገሉ ናቸው፣ እናንተ ፊታቸው ትንበረከካላችሁ! እኔም ይህ እጅ አለኝ። አክስቴ ድምፄን ልታተርፍልኝ ብላ አሥራ አራት ዓመት በጓንት አሰረችኝ፤ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። ይኸው ነው ምስጢራችን!»

«እፀገነት!» አለ አጎቴ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር፤ የእኔን አፍ የሚይዝ ይመስል።

ወይዘሮ አሰለፈች ነጠላዋን ሰብስባ «ዓመቱን ሙሉ የበላነው የሳቸውን ድምፅ ነው በይኛ?» አለች ቀስ ብላ።

ጓንቴን አውልቄ ጣልሁ። አክስቴ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ፤ «እኔን ይውሰደኝ፣ የኔን ይውሰድ» ትላለች። እጇን አላቀቅሁ። ተንበርክኬ የወደቀውን ገብስ በሁለት እጄ ጭብጥ አድርጌ ያዝሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ተነሥ አልሁት።

ገብሱ አልተነሣም። እንደገና ያዝሁ፤ አጥብቄ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ። ተነሥ እንጂ! በጣቶቼ መካከል ጭቃ ወጣ እንጂ አንድ ዛላ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ዕርምጃ ተራምጄ ሌላ ቦታ ያዝሁ። የአጥር ስባሪ አንስቼ ያዝሁ። ደረቅ እንጨት ነው፣ እንደ ማንኛውም እንጨት።

«ረከሰ» አለ አጎቴ። ማሳው ውስጥ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «አለቀ። ተነገረ፣ ረከሰ።»

ያን ጊዜ ከኋላችን የዛገ በር ሲከፈት የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

«ከፀሐዬ ላይ ዘወር በሉ!»

አያቴ ናቸው። ጉሮሯቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ደንግጠው ቆመዋል። ሳሉ። ሳላቸው ድምፅ ነበረው። ከዚያ ዓመት ሙሉ የታመቀው ወጣ።

«ዘወር በሉ ነው የምላችሁ! ዓመት ሙሉ እጄን ሳወናጭፍ ፀሐይ ጋርዳችሁኝ ነው! እግሬን ይበርደኛል፣ እናንተ አሜን ትላላችሁ! ሽሮው ጨው የለውም እያልሁ ‹ባረኩን› ትላላችሁ! ያን ውሻ እሰሩልኝ እያልሁ ውሻውን ሳማችሁት!»

ሰዎቹ በድንጋጤ እንደገና ሰገዱ። አያቴ ከዘራቸውን ወርውረው ጣሉት።

ማን እንደሳቀ አላውቅም፤ እኔ ልሆን እችላለሁ። መሠረት እያለቀሰች እግራቸውን አቀፈች። አጎቴ ግን አልሳቀም፣ አላለቀሰም። «አባባ» አለ፣ «ገብሱስ?»

አያቴ ማሳውን ረጅም ጊዜ አዩት። «ገብሱማ ወደቀ» አሉ። «በረዶ የጣለው ገብስ አይነሣም። ሌላው ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚኖረው።»

ከሰዎቹ መሃል ሞገስ ወደ አጎቴ ጠጋ ብሎ ከታች ያለው ስንዴው እንዳልተመታ፣ ሲያጭድ ለአጎቴ ልጆች እንደሚያስቀር ነገረው። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ስንዴው ለስንት ወር እንደሚበቃ እያሰላ ነበር፤ እንደማይበቃ ከፊቱ ያስታውቃል።

አክስቴ በወደቀው ገብስ መሃል፣ በቢሮ ጫማዋ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላለች። አያቴ አጠገቧ ደርሰው ቆሙ።

«ያለም» አሏት። «ምነው ከሳሽብኝ?»

ከዓመት በኋላ የሰማችው የአባቷ ቃል ይህ ነው። እጃቸውን ሳመችና ለቀቀቻቸው። ከዚያ ዞራ እጄን አየችው፤ ጭቃ የተቀባውን፣ ምንም የሌለበትን፣ እንደማንም ሰው እጅ የሆነውን።

«አንድ ባዳ» አለች። «ለአንድ ባዳ ብነግረው ኖሮ…»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም፤ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አሥራ አራት ዓመት የፈራችው ያ መርከስ ነበር መዳኛዬ፣ የአያቴንም ድምፅ የመለሰው። አንድ ቀን፣ በአንድ ቃል፣ ለማንም ብትናገረው ኖሮ እኔም ጓንት አልለብስም፣ አያቴም አምና ድምፃቸውን አያጡም፣ እሷም ቤቷ ውስጥ የፈለገችውን ዕቃና የፈለገችውን ሰው ታስገባ ነበር። ይህን የመሰለ መልስ በክርክር ክበብ ቢመጣልኝ ዳኞቹ ቆመው ያጨበጭቡልኝ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ድምፄም ሙሉ ነው፣ ማንም አልወሰደብኝም።

ፊቷን አየሁት። በአንድ ጊዜ አርጅታለች።

«ተነሺ፣ እትዬ» አልኋት፤ «ይህ ገብስ ሳይበሰብስ ለከብቶቹ እንጨደው።»